ፍጥነትና ተራ፤ የቤት ራውተር አመጣጥና ለኢንተርኔት ጨዋታ የሚመረጥበት መንገድ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የአንድን ዕቃ ጠባይ በትክክል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አመጣጡን መመርመር ይገባዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣንበት ዕቃ በየቤቱ ጥግ ተቀምጦ መብራቱን እያበለጨለጨ የሚውለው ራውተር ነው። አንዳንድ አንባብያን «ይህ የሱቅ ዕቃ ነው እንጂ የታሪክ ጥናት ርእስ ሊሆን ይችላልን?» ብለው ይጠይቁን ይሆናል። እኛ ግን የዚህ ዕቃ ታሪክ ሲቈጠር ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚሆን መሆኑን፣ ዛሬ ገዢው የሚሳሳትበት ነገርም አብዛኛው ሥሩ በዚያው ታሪክ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣን ምክንያት ትንሽ የቤት ውስጥ ጠብ ነው። አራት ተማሪዎች ሆነን በአንድ ቤት በኪራይ ስንኖር፣ አንደኛው ጓደኛችን ከጥናት በኋላ ማታ ማታ በኢንተርኔት የኳስ ጨዋታ የመጫወት ልማድ ነበረው፤ ሌላው ደግሞ በዚያው ሰዓት የቀረጻቸውን ቪዲዮዎች ወደ ኢንተርኔት ይጭን ነበር። የቪዲዮው መጫን በጀመረ ቍጥር የተጫዋቹ ኳስ ትቆማለች፤ መታሁ ሲል ተቀምቶ፣ ተከላከልሁ ሲል ግብ ገብቶበት ይገኛል። ክርክሩ እስከ መኰራረፍ ስለ ደረሰ፣ አራታችንም ከቀለባችን ሳይቀር ቀንሰን ገንዘብ አዋጣንና ባለ ስድስት አንቴና፣ በማሸጊያው ላይ ትልቅ የፍጥነት ቍጥር የተጻፈበት ራውተር ገዛን። ገንዘቡ አለቀ፤ ጠቡ ግን እንደ ነበረ ቀረ። እንግዲህ ወደ ታሪክ የመራን «ምን ላይ ተሳሳትን?» ብለን የጀመርነው ምርመራ ነው።

ከምርመራው ያገኘነው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የቤት ራውተር ታሪክ በአንድ በኩል የፍጥነት ታሪክ ነው፤ በሌላ በኩል ግን የተራ፣ ማለት ማን ማንን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። ሻጮች የሚነግሩን የፊተኛውን ብቻ ሲሆን፣ ለጨዋታና ለአስተማማኝ ዋይፋይ የሚበልጠው ግን የኋለኛው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው እንዲያስተውል እናሳስባለን።

፩. አየርን ለብዙ ሰው ማካፈል

የዛሬው ኢንተርኔት አባት የሆነው የአሜሪካው አርፓኔት የመጀመሪያውን መልእክት በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል ያስተላለፈው ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። የዚህ ኔትዎርክ ዋና አሳብ፣ መልእክቱ ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቍራጮች ተከፍሎ እንዲላክና በየመገናኛው የተቀመጠ አነስተኛ ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ፓኬት ተቀብሎ፣ አድራሻውን አንብቦ፣ ወደሚቀጥለው መንገድ እንዲያስተላልፍ ነው። ይህ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ መንገደኛውን የሚመራ ኮምፒዩተር የዛሬው ራውተር ቅድመ አያት ነው። ብዙ መንገደኛ በሚገናኝበት በር ደግሞ ወረፋ አይቀርም፤ የመጠበቅ ጉዳይም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዕቃው ጋራ አብሮ ተወልዷል።

ኮምፒዩተሮችን ያለ ገመድ ለማገናኘት ከተደረጉት ሙከራዎች ዋነኛው የተገኘው ከሃዋይ ደሴቶች ነው። የሃዋይ ዩኒቬርሲቲ መምህር የነበሩት ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው በየደሴቱ የተበታተኑትን የዩኒቬርሲቲውን ክፍሎች በሬዲዮ የሚያገናኝ አሎሃኔት የተባለ ኔትዎርክ ሠርተው በ1971 ዓ.ም. ሥራ አስጀመሩት። ፍጥነቱ በሰኮንድ 9,600 ቢት ብቻ ነበር። ሁሉም የሚናገሩት በአንድ ሞገድ ላይ ስለ ነበረ፣ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ቢልኩ መልእክታቸው ተጋጭቶ ይበላሻል። መፍትሔ የተደረገውም፣ የተቀባይነት ምልክት ያልደረሰው ላኪ በዕጣ የሚወሰን ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ደግሞ እንዲልክ ነው። ዘዴው ቀላልና ብልሃት ያለበት ቢሆንም፣ በስሌት ሲመረመር ከሞገዱ አቅም 18 ከመቶ ገደማ ብቻ ለጥቅም እንደሚውል ታወቀ፤ የቀረው በግጭትና በጸጥታ ይባክናል።

ይህን አሳብ መነሻ በማድረግ ሮበርት መትካልፍና ዴቪድ ቦግስ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ኢተርኔትን ሠሩ። በኢተርኔት ላኪው ከመናገሩ በፊት አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ሌላ የሚናገር ካለ ይጠብቃል። በኋላ ዘመን ደግሞ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱ ገመድ ስለ ተሰጠውና በገመዱ ውስጥ መሄጃውና መመለሻው ስለ ተለየ፣ በገመድ ላይ የነበረው ግጭት ፈጽሞ ቀረ። አየር ግን እንደ ገመድ ለያንዳንዱ ሰው ተለይቶ ሊታደል ስለማይችል፣ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ሃዋይ ደሴቶቹ ሬዲዮ የጋራ ሆኖ ኖሯል። ይህን ልዩነት አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ለተጫዋች የሚሰጠው የመጀመሪያው ምክር ከዚህ የሚመነጭ ነውና።

፪. ከመሥሪያ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት

የቤት ዋይፋይ መነሻ አንድ የሕግ ውሳኔ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን በ1985 ዓ.ም. ሦስት የሬዲዮ ክልሎችን ማንም ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። ከነዚህ አንዱ የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ነው። ለሌላ መገናኛ የማይፈለግ ክልል በመሆኑ በነጻ ተሰጠ፤ በነጻ በመሰጠቱም ዛሬ እጅግ የተጨናነቀው ክልል እርሱ ሆነ።

በዚህ ነጻነት ከተጠቀሙት አንዱ የሱቅ ገንዘብ መቀበያ መኪናዎችን ያለ ገመድ ለማገናኘት ይፈልግ የነበረው ኤን ሲ አር የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ በሆላንድ አገር የነበሩት መሐንዲሶቹ ዌቭላን የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ከመሐንዲሶቹ አንዱ የሆኑት ቪክ ሄይስ ደንቡን ያወጣውን 802.11 የተባለውን ኮሚቴ ከ1990 እስከ 2000 ዓ.ም. በሊቀ መንበርነት መርተዋል። የመጀመሪያው ደንብ በ1997 ዓ.ም. ሲወጣ ፍጥነቱ በሰኮንድ 1 ወይም 2 ሜጋቢት ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 11 ሜጋቢት ከፍ አለ፤ ዋይፋይ የሚለውም የንግድ ስም በዚያው ዓመት ተሰጠው። አፕል ኩባንያ በዚያው ዓመት ኤርፖርት የተባለውን መሣሪያ በ299 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ነገሩ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት ጀመረ።

ከሬዲዮው ጋራ አብሮ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። የቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ ቍጥር ከ4.3 ቢሊዮን ስለማይበልጥ፣ አድራሻው እንደሚያልቅ አስቀድሞ ታወቀ። ስለዚህ በ1994 ዓ.ም. አንድ ዘዴ ታተመ፤ ይኸውም በአንድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በውጭ በኩል በአንድ አድራሻ እንዲታወቁ፣ በበሩ ላይ የቆመው ራውተርም የማን መልስ ለማን እንደ ሆነ በመዝገቡ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ነው። ይህ ናት የተባለው ዘዴ የቤት ራውተርን እንደ በር ጠባቂ አደረገው። በር ጠባቂውም ከውስጥ የወጣውን ሲመለስ ያስገባል፤ ያልተጠራውን እንግዳ ግን ይመልሳል። በዚህ ምክንያት ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው በቀጥታ የሚገናኙበት ጨዋታ ብዙ ጊዜ ይሰናከላል። በተለይም የኢንተርኔት ድርጅቱ በሰጠው ራውተር ኋላ ሌላ ራውተር የተገዛ እንደ ሆነ በር ጠባቂው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ይመልሳል። በኛም ቤት የነበረው ስሕተት አንዱ ይኸው ነበር።

የቤት ራውተርን በዓለም ያስፋፋው በሰማያዊና ጥቍር ቀለሙ የሚታወቀው፣ ባለ ሁለት አንቴናው የሊንክሲስ ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ ነው። ለገበያ የወጣው በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ ኩባንያውን በ2003 ዓ.ም. ሲስኮ ገዛው። በዚያው ዓመት ይህ ራውተር የሚሠራው በሊኑክስ መሆኑን አንዳንድ ጠያቂዎች ደረሱበት፤ የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያሠራጭ ሁሉ የጽሑፉን ምንጭ እንዲገልጥ ስለሚያስገድድ፣ ኩባንያው ምንጩን አወጣ። ከዚህም በ2004 ዓ.ም. ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የራውተር ፕሮግራም ተወለደ። ይህ ነገር በጊዜው የሕግ ክርክር ብቻ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ወደ ኋላ እንደምናየው፣ የተራው ጥያቄ መልስ ያገኘው በአብዛኛው በነዚህ ክፍት በሆኑ ራውተሮች ላይ ነው።

፫. ጨዋታው ያነሣው ጥያቄ

ጨዋታ ለኔትዎርክ እንደ ፈተና ሆኖ መጥቷል። ዱም የተባለው ጨዋታ በዲሴምበር 1993 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የመጀመሪያው እትም የተጫዋቾቹን ፓኬት በኔትዎርኩ ላሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይበትን ስለ ነበረ፣ የዩኒቬርሲቲዎችንና የመሥሪያ ቤቶችን ኔትዎርክ እያወከ በየስፍራው ተከለከለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ክዌክ ደግሞ ሌላ ችግር አሳየ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ወደ ፊት ልሂድ ሲል ትእዛዙ ወደ ሩቁ ማእከላዊ ኮምፒዩተር ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ድረስ በስክሪኑ ላይ አይንቀሳቀስም ነበር። በአንድ ሕንጻ ውስጥ በገመድ ለተገናኙት ይህ አይታወቅም፤ በስልክ መሥመር ለሚጫወተው ግን ሰውነቱ በጭቃ የተያዘ ያህል ሆነበት። የጨዋታው ደራሲ ጆን ካርማክ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክዌክ ወርልድ የተባለውን እትም አወጡ፤ በዚህም የተጫዋቹ ኮምፒዩተር መልሱን ሳይጠብቅ የራሱን እርምጃ አስቀድሞ እየገመተ እንዲያሳይ ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ነገር አለ። ጨዋታ ብዙ ዕቃ አይጭንም፤ የሚልከውና የሚቀበለው ነገር ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜጋቢት በሰኮንድ አይበልጥም። ጨዋታ የሚፈልገው ይህ ትንሽ ነገር ሳይዘገይ፣ ደግሞም አንድ ጊዜ ቀድሞ ሌላ ጊዜ ሳይዘገይ፣ በተስተካከለ እርምጃ እንዲደርስለት ነው። ፍጥነት መንገዱ በአንድ ጊዜ ስንት መኪና ያሳልፋል የሚለው ነው፤ መዘግየት ግን አንዱ መኪና ደርሶ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል የሚለው ነው። ሰፊ መንገድ ሁሉ ቶሎ አያደርስም። በማሸጊያው ላይ የሚታተመው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ግን አይታተምም።

፬. የቋቱ ነገር

መዘግየት ከየት ይመጣል? ይህን ለመመለስ ወደ 1986 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቬርሲቲ መካከል የነበረው መሥመር፣ ርቀቱ 400 ያርድ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ፍጥነቱ ከ32,000 ቢት በሰኮንድ ወደ 40 ቢት ወረደ። ምክንያቱ ኮምፒዩተሮቹ መንገዱ ሲጨናነቅ ማቆም ስላልተማሩ የጠፋውን ፓኬት ደጋግመው በመላክ ጭንቁን ማባባሳቸው ነው። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት መፍትሔውን አሳዩ፤ ላኪው ፓኬት ሲጠፋበት መንገዱ መሙላቱን ዐውቆ ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ ሳይጠፋበት ሲቀር ደግሞ ቀስ በቀስ እንዲጨምር ነው። ስለዚህ የፓኬት መጣል እንደ ጥፋት የሚታይ ሳይሆን፣ «በቃ፣ ቀስ በል» የሚል ምልክት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የኮምፒዩተር ማስታወሻ ዋጋው እየረከሰ ሄደ። ዕቃ ሠሪዎችም ፓኬት መጣል መጥፎ ነው ብለው በማሰብ፣ በራውተሮችና በሞደሞች ውስጥ የተትረፈረፈ ቋት፣ ማለት ፓኬቶች ተራቸውን የሚጠብቁበት ጎተራ አደረጉ። ጎተራው ትልቅ ስለ ሆነ ምንም አይጣልም፤ ምንም ስለማይጣል ላኪው ምልክቱን አያገኝም፤ ምልክቱን ስላላገኘ ጎተራው እስኪሞላ ድረስ ይልካል። ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። የአንድ ቤት የመላኪያ ፍጥነት 1 ሜጋቢት በሰኮንድ፣ ቋቱም 256 ኪሎባይት ቢሆን፣ ቋቱ በቪዲዮ የሞላ ጊዜ ከኋላ የመጣ አንድ ትንሽ የጨዋታ ፓኬት ወደ ሁለት ሰኮንድ ያህል ወረፋ ይጠብቃል። በሁለት ሰኮንድ ውስጥ ኳስ ብዙ ርቀት ትሄዳለች።

ይህን በሽታ ስም ሰጥተው ለዓለም ያሳወቁት ጂም ጌቲስ የተባሉ የፕሮግራም መሐንዲስ ናቸው። እርሳቸውም በ2010 ዓ.ም. ከቤታቸው ትልቅ ፋይል ሲልኩ መዘግየቱ ከአንድ ሰኮንድ በላይ መድረሱን ለኩ፤ ልጆቻቸው ስለ ኢንተርኔቱ መንቀርፈፍ ያሰሙ የነበረው አቤቱታም ምክንያቱ ይኸው መሆኑን ተረዱ። በ2011 ዓ.ም. ይህንኑ በጽሑፍ አሳተሙ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ካትሊን ኒኮልስና ያው ቫን ጃኮብሰን ኮደል የተባለውን ዘዴ አወጡ። ይህ ዘዴ የሚመለከተው የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን ፓኬቱ የቆመበትን ጊዜ ነው፤ መዘግየቱ ከ5 ሚሊሰኮንድ በላይ ሆኖ እስከ 100 ሚሊሰኮንድ ከቀጠለ፣ ላኪው ቀስ እንዲል አንዳንድ ፓኬት መጣል ይጀምራል። ከዚህ ጋራ ዴቭ ታት፣ ኤሪክ ዱማዜና ሌሎችም ለያንዳንዱ መንገደኛ የተለየ ሰልፍ የመስጠትን ዘዴ አጋቡበት፤ ይህም ኤፍ ኪው ኮደል ተብሎ በ2018 ዓ.ም. በኢንተርኔት የሙከራ ሰነድነት ታተመ። ተከታዩም ኬክ የተባለው ዘዴ በዚያው ዓመት በሊኑክስ ውስጥ ገባ። አብዛኛው ሙከራ የተካሄደው ከላይ ባነሣናቸው ክፍት ራውተሮች ላይ ነው።

የዚህ ዘዴ ትርጕም ለኛ ከወፍጮ ቤት ይልቅ በሌላ አይገለጥም። በወፍጮ ቤት አንድ ነጋዴ አሥር ኩንታል ጤፍ ይዞ ቀድሞ ቢመጣ፣ ከኋላው አንዲት እናት አንድ ቁና ገብስ ይዛ ስትደርስ፣ እንደ መምጫቸው ቢፈጭላቸው እርሷ እስከ ማታ ትቀመጣለች። ብልህ ወፍጮ ጠባቂ ግን ከነጋዴው አንድ ኩንታል ከፈጨ በኋላ የእናቲቱን ቁና ያስገባል። ነጋዴው የሚጐዳው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ እናቲቱ ግን ቀኗን ሙሉ አተረፈች። ቪዲዮ ጫኙ ጓደኛችን ነጋዴው ነበር፤ ተጫዋቹ ደግሞ ባለ ቁናዋ። የገዛነው ባለ ስድስት አንቴና ራውተር ወፍጮውን አስፍቶልን ኖሯል፤ ወፍጮ ጠባቂውን ግን አልለወጠልንም።

፭. በአየሩ ላይ ያለው ወረፋ

በበሩ ላይ ያለው ወረፋ ቢስተካከልም፣ ከራውተሩ እስከ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ድረስ ያለው አየር ሌላ ወረፋ አለው። በ2003 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የግሬኖብል ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ አንድ ሩቅና ደካማ መሣሪያ በ1 ሜጋቢት ሲናገር፣ በ11 ሜጋቢት ሊናገሩ የሚችሉት ሌሎቹም ወደርሱ ፍጥነት ይወርዳሉ። ምክንያቱም ደንቡ ለሁሉም እኩል የመናገር ተራ ይሰጣል እንጂ እኩል ጊዜ አይሰጥም፤ አንድ ቃል ለመናገር ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው በስብሰባው መካከል ቢኖር ሁሉም እርሱን እንደሚጠብቁ ያህል ነው። በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ለያንዳንዱ መሣሪያ እኩል የአየር ጊዜ የሚሰጥ ዘዴ በሊኑክስ ላይ አሳይቷል።

የደንቦቹም እድገት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ሲታይ፣ የፍጥነቱ ቍጥር እጅግ ቢያድግም፣ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2021 ዓ.ም. በጸደቀውና ዋይፋይ 6 በሚባለው ደንብ ነው ለማለት ይቻላል። በዚህ ደንብ ራውተሩ አንዱን የአየር መንገድ ከፋፍሎ ለብዙ መሣሪያዎች ባንድ ጊዜ ማደል ይችላል፤ ማለት ፍጥነትን ብቻ ከመጨመር ይልቅ ተራን ማስተካከል ዋና ዓላማ ሆኗል። አሜሪካ በ2020 ዓ.ም. የ6 ጊጋኸርዝን ክልል ለዋይፋይ ከፍታለች፤ የሌሎች አገሮች ሕግ ግን እንደየአገሩ ይለያያል።

የሞገዶቹንም ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይሄዳል፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የማይነካኩ መተላለፊያዎቹ በተለመደው አጠቃቀም 1፣ 6 እና 11 የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ስለ ሆኑ፣ ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ከጎረቤት ሁሉ ጋራ ያጋፋል። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሰፊ ነው፤ ግን የብሎኬትና የድንጋይ ግድግዳ ይከለክለዋል። ስለዚህ ትልቅ ራውተርን በጓዳ ጥግ ከማስቀመጥ፣ መካከለኛውን በቤቱ መሀል ከፍ አድርጎ ማኖር ይሻላል። ሜሽ የተባሉት፣ ከ2016 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በየቤቱ የተለመዱት ተቀባባይ ራውተሮችም ጥቅም አላቸው፤ ይሁን እንጂ እርስ በርሳቸው በአየር ሲቀባበሉ በእያንዳንዱ ቅብብል ወረፋ ስለሚጨመር፣ ለጨዋታ የሚሻለው በመካከላቸው ገመድ ሲዘረጋ ነው።

፮. ስለ አስተማማኝነት ሌላው ወገን

አስተማማኝ ማለት የማይቈራረጥ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱን የማይከዳም ማለት ነው። የዋይፋይ የመጀመሪያው የምስጢር መጠበቂያ ዌፕ በ2001 ዓ.ም. ድክመቱ ተጋልጦ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ተተክተው በ2018 ዓ.ም. ሦስተኛው የደብልዩ ፒ ኤ ትውልድ ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን የ2016 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ሚራይ የተባለ ጐጂ ፕሮግራም በፋብሪካ የተሰጣቸው የመግቢያ ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና የቤት ራውተሮች እየወረረ ሠራዊት አደረጋቸው፤ ኦክቶበር 21 ቀንም የታወቁ የኢንተርኔት ገጾችን ለሰዓታት ከብዙ ሰዎች ዐይን ሠወረ። የሚያስገርመው የነገሩ ሥር ከጨዋታ ጋራ መያያዙ ነው፤ ፕሮግራሙን የሠሩት ወጣቶች ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ የሚያስተናግዱ ኮምፒዩተሮችን ለማጥቃትና በዚያ ንግድ ለመጠቀም የተነሡ ነበሩ። ስለዚህ ሠሪው ፕሮግራሙን እያደሰ የማይልክለት ራውተር፣ ምንም ፈጣን ቢሆን፣ እያደር ለቤቱ ሌባ የሚከፍት በር ጠባቂ ይሆናል።

፯. ከታሪኩ ለመራጭ የሚገኝ ትምህርት

ከላይ ከተነገረው የሚከተለው ይደመደማል።

በመጀመሪያ፣ በማሸጊያው ላይ ያለው ትልቅ ቍጥር ድምር መሆኑን ማወቅ ነው። ለምሳሌ ኤ ኤክስ 5400 የተባለው ማዕርግ በ2.4 ጊጋኸርዝ 574፣ በ5 ጊጋኸርዝ 4,804 ሜጋቢት ተደምሮ የተጠጋጋ ነው፤ አንድ ስልክ ይህን ሁሉ ሊያገኝ አይችልም፤ ወደ ቤቱ የሚገባው መሥመር ደግሞ ከዚህ እጅግ የጠበበ ነው።

ሁለተኛ፣ ራውተሩ የወረፋ አስተዳደር፣ ማለት ኤፍ ኪው ኮደልን ወይም ኬክን የመሰለ ዘዴ እንዳለው መጠየቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ኤስ ኪው ኤም ተብሎ ይጻፋል። ሲሠራም ፍጥነቱን ከመሥመሩ ልክ ጥቂት ዝቅ አድርጎ መወሰን ያስፈልጋል፤ ይህ ካልሆነ ወረፋው የሚቆመው በራውተሩ ሳይሆን እኛ በማናዝበት በሞደሙ ውስጥ ነው። ሥራው የራውተሩን አንጎል ስለሚያደክም፣ መሥመሩ ፈጣን በሆነ መጠን ጠንካራ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ከአንቴና ቍጥር ይልቅ ለዚህ መክፈል ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የሚጫወተው መሣሪያ የሚንቀሳቀስ ካልሆነ በኢተርኔት ገመድ ማገናኘት ነው። አራተኛ፣ ከድርጅቱ ራውተር ኋላ ሌላ የሚተከል ከሆነ፣ የፊተኛው መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ አድርጎ በር ጠባቂውን አንድ ማድረግ ነው። አምስተኛ፣ ሠሪው ፕሮግራሙን እስከ መቼ እንደሚያድስ ማጣራትና የመግቢያ ቃሉን ወዲያው መለወጥ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ክርክር መኖሩን አንክድም። መሥመሩ ፈጽሞ የማይሞላ ሰፊ ፋይበር ከሆነ ወረፋ ስለማይኖር፣ የወረፋ አስተዳደር ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ዳሩ ግን የዋይፋዩ ልክ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ወረፋው ከመሥመሩ ወደ አየሩ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም፤ ጠባብ መሥመር ለሚካፈሉ እንደኛ ላሉት ደግሞ ክርክሩ አይደርስም።

ራውተር የማይችለውንም መናገር ተገቢ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒዩተር በዚያ ካለ፣ ደርሶ መልሱ ብቻውን ከ50 ሚሊሰኮንድ በላይ ይፈጃል፤ እውነተኛው ገመድ ደግሞ ከቀጥታው ይረዝማል። ይህን ማንም ነጋዴ በማናቸውም ዋጋ ሊያሳጥር አይችልም። ራውተር ሊያስቀረው የሚችለው በቤት ውስጥ የምንጨምረውን መዘግየት ነው፤ እርሱም ከርቀቱ ብዙ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ከላይ በሒሳብ አይተናል።

ስለ ቤታችን ጠብ መጨረሻውን ለማወቅ ለሚፈልጉ፣ ከአንድ ወዳጃችን ያረጀ ባለ ሁለት አንቴና ራውተር ተውሰን፣ በላዩ ኦፕን ደብልዩ አር ቲን ጭነን፣ ወረፋውን እንዲያስተዳድር በበሩ ላይ አቆምነው፤ ለተጫዋቹም ገመድ ዘረጋንለት። ባለ ስድስት አንቴናው የዋይፋይ ማሠራጫ ሆኖ ብቻ ቀረ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ቪዲዮውም ይጫናል፣ ኳሱም ይንከባለላል፤ የቀለቡ ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ታሪኩን አስቀድመን አንብበን ቢሆን ኖሮ ያተረፍነው ይህንኑ ነበር። መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ቢያገኙ እንዲያርሙን፣ ከራሳቸው ቤት የለኩትንም መዘግየት ጨምረው ጥናቱን እንዲያስፋፉልን በትሕትና እንጠይቃለን።